ጅቡን ልጅ ያደረገው አስተርጓሚ

ባዕድ ፊት የወገኑን ገበና ካልሸፈነ ዕረፍት የማያገኝ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ ካምፓላ አንድ አውቃለሁ። ጋሽ ታደሰ ይባላል፤ አስተርጓሚ ነው።

ኪሰንዪ ሰፈር ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ዘሃራ እንቅልፍ እምቢ ሲላት፣ ሦስታችን ሐኪም ቤት ሄድን። ኡጋንዳዊቷ የአእምሮ ዶክተር ጥቁር ቀለም የፈሰሰበት ካርድ አሳየቻትና ምን እንደሚመስላት ጠየቀቻት።

«ሁለት ጅቦች ሬሳ ሲጎትቱ» አለች ዘሃራ።

ጋሽ ታደሰ ደነገጠ። እንዲህ ብሎ ቢተረጉም የአገር ስም አይጠፋም?

«ሁለት ልጆች ሲጫወቱ ይታያታል» አለ በእንግሊዝኛ። ዶክተሯ ደስ ብሏት ጻፈች።

ዘሃራ ግን ከደንበኞቿ እንግሊዝኛ ለቅማለች።

«ኧረ ጋሼ፣ ጅብ ነው ያልኩት! ታምሜ እኮ ነው የመጣሁት!» ብላ ጮኸች፤ ለዶክተሯም ራሷ አስረዳቻት።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ይልቅ ነገሩ ገርሟት ካርዱን ወደ ጋሽ ታደሰ አዞረችው።

«እርስዎ ልጆቹን የት ላይ ነው ያዩዋቸው?»

ካርዱን ልብ ብሎ ያየው ገና ያኔ ነው። ከዚያ ጣቱን ግራና ቀኙ ላይ እያሳረፈ፣ በአማርኛ፣ «ይሄ ትልቁ ነው፤ ይቺ ታናሽየዋ። ጥያቸው ከወጣሁ ስምንት ዓመቴ» አለ።

ዘሃራ አንዲት ቃል ሳትቀንስ ተረጎመችለት።