አንደኛ የወጣው የአጥንት ክፍል

ሰው ሲለካ ትንፋሹን ይይዛል። ልብስ ሰፊ ሜትሩን ወገባችሁ ላይ ሲጠመጥም ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ሆዳችሁ ማንም ሳያዘው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ደረታችሁ ወደ ፊት ይወጣል፣ አንገታችሁም ትንሽ ይረዝማል። ኋላ ሱሪው ተሰፍቶ ሲመጣ አልቆለፍ ይላል። ያን ጊዜ ሰፊውን እንረግማለን። ሰፊው ምን አደረገ? ያሳየነውን ለካ።

ይህን የምለው መጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ከዚያ ወዲህ የማነበው ዳዊቴን ብቻ ነው። ግን ጉልበቴ እምቢ እስኪለኝ ድረስ ዓለም ጤና ገበያ ላይ ሽንኩርት ስመዝን ኖሬአለሁ። «ሚዛን አይዋሽም» ይላሉ። እውነት ነው፣ አይዋሽም። የሚዋሸው ጆንያው ነው። ከአፉ ላይ ትልልቁና ደረቁ ይደረደራል፤ ከሥር የበቀለውና የራሰው ይተኛል። ምስኪኑ ሚዛን ሁሉንም አንድ ላይ ተሸክሞ ቁጥሩን ይናገራል። ይህን ሁሉ ዓመት ጆንያ ስጠረጥር የኖርኩ ሰው፣ በስተርጅና እኔው ራሴ ጆንያ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሆንኩ። እንዴት እንደሆንኩ ላጫውታችሁ።

ባለቤቴ አስካለ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ውኃ የፈሰሰበት ሲሚንቶ አንሸራተታትና የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። አዳማ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ስሙን ባልጠራው ቅር አይበላችሁ፣ የአጥንት ክፍል አስተኟት። እግሯ ላይ ገመድ ታሰረ፤ ገመዱ በአልጋው ጫፍ ወርዶ ክብደት ተንጠለጠለበት። «አጥንቱ እስኪገጥም እንዲህ በጀርባዋ ትቆያለች» አሉን። በሳምንታት የሚቆጠር ነው።

በጀርባ ተኝቶ መዋል ለጤነኛ ሰው ምኞት ነው። ለታመመ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውነት አንድ ቦታ ተጭኖ ሲውል ቆዳው ይሞታል። የመኝታ ቁስል ይሉታል፤ ሐኪሙ «ከስብራቱ ይልቅ እሱን ይፍሩ» ብለው አስጠነቀቁኝ። ስለዚህ በሽተኛዋ በየሁለት ሰዓቱ ከወገቧ ከፍ እየተደረገች ጀርባዋ መታሸት፣ አንሶላዋ መወጠር አለበት። ይህን ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። አንዱ ሲያነሣ ሌላው ያንን የተንጠለጠለ ክብደት ይይዛል። የሚያውቅ እጅም ይፈልጋል። ባጭሩ ሁለት ነርስ ማለት ነው።

ክፍላችን የነበረው አንድ ነርስ ነው።

ሲስተር ጫልቱ ትባላለች፤ የደራ ልጅ ናት። ከአልጋ አልጋ ስትሮጥ ጫማዋ ወለሉን የሚነካ አይመስልም። «ማሎ ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ካለች ትመጣለች፤ መቼ እንደምትመጣ ግን እሷም አታውቀውም። እሷ እስክትደርስ እኔና የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ሆነን አስካለን እንደ ቁም ሣጥን እናነሣታለን። እንዴት እንደምትጮህ አልነግራችሁም። ኋላ እግዚአብሔር ሰማንና ሲስተር ሜሮን የምትባል ሁለተኛ ነርስ ከሌላ ክፍል በውሰት መጣችልን። ሁለቱ ሆነው ሲያነሷት አስካለ ወሬዋን እንኳ አታቋርጥም። ተመስገን አልን። ግን በውሰት የመጣ ድስት ባለቤቱ አንድ ቀን ይፈልገዋል።

አንድ ጠዋት ሲስተር ጫልቱ የክፍሉ መካከል ላይ ቆመች።

«እናቶች፣ አባቶች፣ ስሙኝማ። ሐሙስ የሆስፒታሉን ሥራ የሚለኩ ሰዎች ይመጣሉ። ጥራቱን፣ የሠራተኛውን ቁጥር፣ እናንተም ከኪሳችሁ የምታወጡትን ይጠይቃሉ። ሜሮን እዚህ ትቅር ወይስ ትመለስ የሚወሰነው በዚያ ነው። ስለዚህ ያለውን ተናገሩ። ከዘገየሁ፣ ትዘገያለች በሉ።»

ከዚህ የበለጠ ግልጽ ንግግር ከየት ይመጣል? እኛ ግን የይሉኝታ ልጆች ነን። «ምንም የሌለበት ቤት መጣችሁብኝ» እያለች ገበታውን የምትሞላ ሴት ስናይ ነው ያደግነው። «ጥፋቴን ተናገሩብኝ» ያለ ሰው፣ የእውነቱን እንዲነገርበት ፈልጎ ነው ብሎ የሚያስብ ከመካከላችን አንድ አልነበረም። ጨዋነቷ ነው አልን። እንዲያውም የበለጠ ወደድናት።

ወዲያው ጉባኤ ተቀመጥን። ጉባኤውን የጠራው ደረጀ ነው፤ የሞጆ ከባድ መኪና ሹፌር፣ ሁለት እግሩ ጀሶ ውስጥ፣ አፉ ግን ያልተሰበረ።

«ልጅቷን ሊያስበሏት ነው» አለ። «እኔ ይቺን በመሰለች ልጅ ላይ አፌን አልከፍትም። ኬላ ላይ እንኳ ሰው አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅ! ጋሽ ተክሌ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ጠዋት ጠዋት ዳዊት ስለምደግም የክፍሉ ሽማግሌ አድርገውኝ ነበር። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «በደግ ሰው ላይ ክፉ አይመሰከርም» አልኩ። ሁሉም አሜን አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን።

ሐሙስ ደረሰ። አስታማሚው ሁሉ ገና በጠዋቱ ወለሉን በበረኪና አጠበው። አንሶላ ከየቤቱ መጣ፤ አስካለን ልጃችን ለበዓል የምታወጣውን አበባ ያለበትን አንሶላ አለበስናት። የሽንት መቀበያው ሁሉ ተሰብስቦ መጋረጃ ጀርባ ገባ። ለካኙ በር ላይ ሲደርስ ክፍሉ ሽማግሌ የሚጠብቅ ሳሎን መስሎ ነበር።

ታብሌት የያዘ ትሑት ወጣት ነው። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለንና ከእኔ ጀመረ።

«አባቴ፣ ነርስ ሲጠሩ በስንት ደቂቃ ትደርሳለች?»

«ሳልጠራት ነው የምትደርሰው።»

«እናታችንን የሚያነሡልዎ እነማን ናቸው?»

«ነርሶቹ ናቸዋ።»

«ሲስተር ሜሮን ከመምጣቷ በፊትስ?»

«ያኔም እንዲሁ ነበር» አልኩ። ሜሮንን የሸኘኋት በዚህች መልስ ነው። ያን ጊዜ ግን የሸኘኋት አልመሰለኝም፤ የጫልቱን ስም የጠበቅሁ ነበር የመሰለኝ።

«ከውጭ የገዙት ነገር አለ? ጓንት፣ ፋሻ፣ መድኃኒት?»

«ምንም» አልኩና የፋርማሲ ከረጢት የሞላውን ካርቶን በተረከዜ ወደ አልጋው ሥር ገፋሁት። ይህንንስ ለምን ዋሸህ ብትሉኝ፣ ለማኝ እንዳልመስል ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አስካለ ከትራሷ ቀና አለች። «እኔን አትጠይቀኝም እንዴ ልጄ?»

«ደክሟታል» አልኩት ፈጠን ብዬ። ወጣቱም አመነኝና አለፈ።

«የተኛሁት እኔ፣ መላሹ አንተ!» አለችኝ በጥርሷ።

ደረጀ ዘንድ ሲደርስ ሰዓቱን ይዞ «እስኪ ነርስ ይጥሩ» አለው። ደረጀ አፉን ሳይከፍት ሦስት አስታማሚ ብድግ አለ። አንዱ ትራስ አስተካከለ፣ አንዱ ውኃ ቀዳ፣ አንዷ ጭራሽ እግሩን ልታሸው ስትል ጀሶውን አየችና ተወችው። ሲስተር ጫልቱ ከወዲያኛው ጥግ መርፌ እንደያዘች አየችንና ራሷን ነቀነቀች። ወጣቱ የሆነ ነገር ጻፈ።

ብዙም ሳይቆይ ውጤቱ ኮሪደሩ ላይ ተለጠፈ። የአጥንት ክፍል አንደኛ! ደረጀ አፏጨ፣ እኛ አጨበጨብን። ለሲስተር ጫልቱ ባለ መስተዋት የምስክር ወረቀት ተሰጣት። እሷ ግን የያዘችው እንደ መርዶ ደብዳቤ ነበር።

በማግስቱ ሜሮን አልመጣችም። መጨረሻ የወጣው ክፍል፣ በሽተኛው ሁሉ ለካኙ ላይ ያለቀሰበት ክፍል ተላከች። ፍርዱ ትክክል ነው። ከሞላለት ይነሣል፣ ለጎደለበት ይሰጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስንሰማ የኖርን ሰዎች፣ ሆስፒታል ተኝተን በሽታ ደበቅን።

ሲስተር ጫልቱ ብቻዋን እየሮጠች አጠገቤ ስትደርስ ቆም አለች። «ጋሼ፣ የመሰከሩት ለእኔ ነው በእኔ ላይ?» አለችኝ። መልስ ሳትጠብቅ ሄደች።

በሳምንቱ የአስካለ ጀርባ ቀላ፣ ከዚያ ቆዳው ተከፈተ። አልጮኸችም። ወደ ወገቧ እያመለከተች «ምስክርነትህ እዚህ ጋ ያቃጥለኛል» አለችኝ። ያን ቀን ዳዊቱን ገለጥኩት እንጂ አልደገምኩትም። ፊደሉ አልታየኝ አለ።

ተነሥቼ ጥራት ክፍል የሚባለው ቢሮ ሄድኩ። ያው ወጣት ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ዋሽቼሃለሁ» አልኩት።

ታብሌቱን አየ፣ እኔን አየ። «አባቴ፣ መረጃው እኮ ወደ ላይ ሄዷል። የሚቀጥለው ልኬት ከስድስት ወር በኋላ ነው።»

«የባለቤቴ ጀርባ ስድስት ወር አይጠብቅም።»

ደግ ልጅ ነው፤ አሰበ። ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣና «የቅሬታ ቅጽ ይሙሉ» አለኝ። «ቅሬታ ከመጣ አጣሪ መላክ ግዴታ ነው። አጣሪ ከመጣ ደግሞ የሰው ኃይሉ ይታያል።»

ወረቀቱን ይዤ ባረጀ ጉልበቴ ልሮጥ ምንም አልቀረኝ። ክፍሉ ስደርስ መነጽሬን ስፈልግ ደረጀ ተቀበለኝና ጮክ ብሎ አነበበው። «አንደኛ፦ ቅሬታ የቀረበበት ባለሙያ ሙሉ ስም።» ወረቀቱን ገለበጠው። ስለ ጎደለ ሰው የሚጠይቅ መስመር አልነበረበትም።

«ቅሬታችን እኮ ባለሙያ የለም ነው» አለ ደረጀ። «የሌለን ሰው ስም ምን ብለን እንጻፈው?»

ሲስተር ጫልቱ ትሪዋን እንደያዘች በትከሻው በኩል አነበበች።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ጻፉዋ።»

«ማንን?»

«እኔን ነዋ። ሌላ ማን አለ?»

«እጄ ይሰበር!» አለ ደረጀ።

«እግርህ ይበቃሃል» አለችው።

ብዕሩን ነጠቀችና ስሟን እስከ አያቷ ጻፈች። ከሥሩም በዚያ ቆንጆ ጽሕፈቷ «ታካሚ ሲጠራት በጊዜው አትደርስም። በጀርባቸው የተኙትን በየሁለት ሰዓቱ አታነሣም» ብላ ሞላችው። «ብቻዋን ስለሆነች የሚለውን ጨምሪበት እንጂ» ብላት «ቦታ የለውም ጋሼ» አለችኝ። እውነትም መስመሩ አልቋል። መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጆንያ ላይ ምልክት ሳደርግ በኖርኩበት እጄ።

አጣሪዎቹ መጡ። ምንም አልታጠበም፣ ምንም አልተደበቀም። ይህን ጊዜ የመለሰችው አስካለ ናት፤ እኔ ኮሪደር ወጣሁ። የአስካለን ጀርባ ገልጠው አዩ። ሰኞ ጠዋት ሜሮን ተመለሰች፣ በውሰት ሳይሆን በቋሚነት። በዚያው ሰኞ ለሲስተር ጫልቱ ሥራዋን ችላ ብላለች የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ወስዳ ከምስክር ወረቀቷ ጎን አስቀመጠችው። አሳየችኝ፤ የሁለቱም ማኅተም አንድ ነው፣ ፈራሚውም አንድ ሰው።

አስካለ አሁን ቤቷ ናት። ቁስሉ ደርቋል፣ በክራንች እስከ በር ትደርሳለች፣ እኔንም እንደ ወትሮዋ ትቆጣለች።

እኔ ግን እንቅልፍ ስላልያዘኝ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «አባቴ» አልኳቸው፣ «ስለ አንዲት ልጅ በጎ ተናገርኩ፣ ረዳቷን አሳጣኋት። ኋላ ክፉ ተናገርኩባት፣ ረዳቷን መለስኩላት። የምናዘዘው የትኛውን ነው?»

«ወይዘሮ አስካለ ተሻላቸው?» አሉኝ።

«ተሻላት።»

«እንግዲያው ስግደቱን ተወው፣ ጉልበትህም አይችለውም። ሂድና የልጅቷን ማስጠንቀቂያ አስነሣ።»

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ጥራት ክፍል በር ላይ ነኝ። ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበት ቅጽ አለ፤ የሚነሣበት ግን ገና አልተዘጋጀም ይሉኛል። ወጣቱ ወንበር ይሰጠኝና «አባቴ፣ ለምን ይደክማሉ?» ይለኛል። ንስሐ ላይ እንዳለሁ አልነግረውም፤ ለዚያም የሚሞላ ነገር ያመጣብኛል ብዬ እፈራለሁ። ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ሲስተር ጫልቱ በኮሪደሩ ስታልፍ «ጋሼ፣ አሁንም አልተነሣም?» ብላ ትስቃለች። አሁን ሁለት ስለሆኑ አትሮጥም፣ በእርምጃ ነው የምትሄደው።