የሚስስ ኢዲት ወፍጮ

ካስትሮ ቫሊ ከተማ እንዳልሆነች ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። ቤት አለ፣ የትራፊክ መብራት አለ፣ ፓርኪንግ የለም። ከዚህ በላይ ከተማ ምን ይሆናል? አይደለችም አሉኝ። ከንቲባ የላትም፣ ማዘጋጃ ቤት የላትም። እኔ የምኖርባት ኦክላንድ አላት፣ ሳን ሆዜ አላት፣ ሚጢጢዋ ሳን ፓብሎ እንኳ አላት። ካስትሮ ቫሊ የላትም።

ይህን የሰማሁት በዲቪ በመጣሁ በአራተኛው ወር ነው። ከነከነኝ። ሥራዬ እዚያ ነዋ! ላገር ቤት ስጽፍ «ከተማ ባልሆነ ቦታ እሠራለሁ» ልበል? ጫካ ገባ አይሉኝም?

መልሱን የሰጡኝ ሚስስ ኢዲት ናቸው። ሚስስ ኢዲት ብቻቸውን የሚኖሩ የሰማንያ አምስት ዓመት ሴት ናቸው፤ እኔ ቀን ቀን የማግዛቸው። ሻይ በወተት አፈላላቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስታውሳቸዋለሁ፣ ከዚያ እናወራለን። ማለቴ እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ «የስ» እላለሁ። አንድ ቀን «የእኛ ፓሪሽ» ብለው ጀመሩ። ፓሪሽ ደግሞ ምንድነው? መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ። «አጥቢያ» ይላል።

በራልኝ! ካስትሮ ቫሊ ከተማ አይደለችም፤ አጥቢያ ናት።

ደብተር ገዛሁና ሚስስ ኢዲት ሲያወሩ ታሪኳን መጻፍ ጀመርኩ። በሰሜን ኮረብታ፣ በደቡብ ወንዝ። ወንዙ ላይ ድልድይ፣ ከድልድዩ ማዶ ወፍጮ። ወፍጮው ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል። ከወፍጮው ቀጥሎ ብረት ቀጥቃጩ፤ ሰው አንድ ነገር ሲሆን የሚሮጠው ወደ እሱ ነው፣ ፈረስ አለውና። ቄሱና ባለ ወፍጮው በአንድ የፖም ዛፍ ተጣልተው አሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ይህን ስሰማ የቀረችኝ ጥርጣሬ ጠፋች። ሰው ያልተኳረፈበት አጥቢያ የት አለ?

እርግጥ ድልድዩን ስፈልግ ያገኘሁት የሀይዌይ መሻገሪያውን ነው። ከሥሩ በውኃ ፈንታ መኪና ይፈሳል። ዘመን ተለውጧል ብዬ አለፍኩት። ወፍጮው መሆን ባለበት ቦታ ዶናት ቤት አለ። ዱቄት ያው ዱቄት ነው። ከዶናት ቤቱ ቀጥሎ ደግሞ የጋሽ ካሳ ጋራዥ።

ጋሽ ካሳ የኛው አገር ሰው ናቸው፤ የተከበሩ መካኒክ። ታሪክ ያወቀ ሰው ዝም አይልምና ሄድኩላቸው።

«ጋሽ ካሳ፣ ይህ ቦታ ድሮ የማን እንደነበረ ያውቃሉ?»

«የማን ነበር?» አሉ ከመኪና ሥር ሆነው።

«የቀጥቃጭ። እርስዎ እንግዲህ የአጥቢያችን ቀጥቃጭ ነዎት።»

ከመኪናው ሥር ወጡ። ቀስ ብለው ነው የወጡት።

«ማነው ቀጥቃጭ?»

«እርስዎ።»

«አንተ! የባላባት ልጅ እኮ ነኝ! እስከ ሰባት ትውልድ ቢቆጠር አንድ ቀጥቃጭ አይገኝብኝም!»

እጃቸው ላይ መዶሻ ነበር። ብረት በብረት ሲመቱ ነው ያረፈዱት። ይህን ባነሳው ነገሩን የሚያበርደው ስላልመሰለኝ ተውኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተኳረፍን፤ ልክ እንደ ቄሱና እንደ ባለ ወፍጮው።

ሚስስ ኢዲትን ግን የታሪክ ቦታዎቹን አስጎበኝ ጀመር። ድልድዩን አሳየኋቸው። ወፍጮውን አሳየኋቸው። መጀመሪያ ትክ ብለው አዩኝ፤ ኋላ «ልክ ነህ» አሉ፣ ደስም አላቸው። ከዶናት ቤቱ ግን እንመለሳለን፤ ከቀጥቃጩ ጋር አልነጋገርማ።

መዘዙ የመጣው በዱላ ነው። አጥቢያው በዓመት አንድ ቀን ወጥቶ ድንበሩን በእግሩ ይዞር ነበር አሉኝ። የድንበሩን ድንጋይ በዱላ ይመታሉ፤ ልጆቹንም እንዳይረሱ ቂጣቸውን ከድንጋዩ ጋር ያጋጯቸዋል። «እኔ እስከ ዛሬ አልረሳሁም» አሉ ሚስስ ኢዲት፣ መቀመጫቸውን እያሻሹ። ድንበርና ዱላ! ይህማ እኛም አገር አለ። እኛ ጋ የሚመታው ጎረቤቱ ነው እንጂ።

አንድ ፀሐያማ ጧት እሳቸው በምርኩዛቸው፣ እኔ በመጥረጊያ እንጨት ወጣን። የፖስታ ሳጥን መታን። የእሳት አደጋ ቧንቧ መታን። የስቶፕ ምልክቱን ሁለት ጊዜ መታነው፤ ማዕዘን ስለሆነ። አንድ ጎረቤት በመስኮት ሲያየን ቆይቶ ኮንኮርድ ለምትኖረው ልጃቸው ለጃኔት ኮል አደረገላት።

ጃኔት በማግስቱ መጣች። ክፉ አይደለችም፤ ፈርታ ነው። እናቷ ያሉበትን እንደማያውቁ ነገረችኝ። ያ ሁሉ ወሬ እንግሊዝ አገር ስለተወለዱበት ትንሽ የገጠር አጥቢያ ነው፤ ከለቀቁት ስልሳ ዓመታቸው። ደብተሬን እንደያዝኩ ቆምኩ። አርባ ገጽ!

«ታዲያ ካስትሮ ቫሊ ምን ነበረች?» አልኩ።

«ዶሮ እርባታ» አለች።

ሐሙስ እናቷን የምትመረምር ገምጋሚ እንደምትመጣም ነገረችን። ሚስስ ኢዲት አካባቢያቸውን የማያውቁ ከሆነ ኮንኮርድ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ማለት ነው፣ ሊገቡ ነው። ሚስስ ኢዲት ሻያቸውን አስቀመጡ። «የምሞተው እዚሁ ቤቴ ነው» አሉ።

ሐሙስ ገምጋሚዋ መጣች። ፊቷ ደግ፣ ፎርሟ ረጅም።

«ብቻዎን ሳሉ ቢያምዎት፣ ስልኩም ባይሠራ፣ ወዴት ይሄዳሉ?»

«ድልድዩን ተሻግሬ፣ ወፍጮውን አልፌ፣ ቀጥቃጩ ጋ» አሉ ሳያመነቱ።

ጃኔት ዓይኗን ጨፈነች። ገምጋሚዋ መጻፍ ጀመረች።

«ቅርብ ነው፤ ለምን ሄደን አናየውም?» አልኩ። ምን እንዳናገረኝ እስካሁን አላውቅም።

ሚስስ ኢዲት ከፊት ሆነው መሩን። መሻገሪያው ላይ ቆም ብለው ወደ መኪናው ጎርፍ እያዩ «ዛሬ ሞልቷል» አሉ። ዶናት ቤቱ ጋ የዱቄት ከረጢት እየወረደ ነበር። «ወፍጮው» አሉ። ገምጋሚዋ ከረጢቱን አየች፣ ፎርሙን አየች። ቀጥሎ ጋራዡ። ጋሽ ካሳ መዶሻ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ይቅርታ» አሉ ሚስስ ኢዲት፣ «ቀጥቃጩ እርስዎ ነዎት?»

ቀጥ አልኩ። በአማርኛ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፣ «ጋሽ ካሳ፣ አይደለሁም ካሉ እኚህን ሴትዮ ከቤታቸው ሊያስወጧቸው ነው» አልኩ።

ጋሽ ካሳ አሮጊቷን አዩ። ምርኩዙን አዩ። ከዚያ ወደ ሰማይ አዩ፤ ሰባቱን ትውልድ ይቅርታ የጠየቁ መሰለኝ።

«የስ ማዳም» አሉ። «ቀጥቃጩ እኔ ነኝ።»

ወንበርም አወጡላቸው።

«ፈረሱስ?» አሉ ሚስስ ኢዲት።

«ያውና» አሉ ጋሽ ካሳ፣ መኪና መጎተቻውን እያሳዩ።

ወረቀቱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ሚስስ ኢዲት አካባቢያቸውን ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ እቤታቸው ይቆዩ ይላል። ከታች በእጅ ጽሑፍ፣ ረዳታቸው መጥረጊያ ይዞ እንዳይወጣ ይላል።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ቀጥቃጩን እንጎበኛለን። ጋሽ ካሳም ታርቀውኛል። ግን አስምለውኛል። ልጃቸውን ሳን ሆዜ ላለ የትልቅ ሰው ልጅ ሊድሩ ነው፤ ይህች ነገር ከአፌ ከወጣች ሠርጉ ቀረ።

እኔም ቃሌን ጠብቄያለሁ። እስከ ዛሬ ለአንድም ሰው ትንፍሽ አላልኩም። ስለ መጻፍ ደግሞ ማንም አላስማለኝም።