ለማንኛውም ባዩ ጋሼ ለይኩን ገዳሪፍ ሲነዱ

ሰው ሁሉ ከሁለት ይከፈላል፤ "ምን ይመጣል" የሚልና "ለማንኛውም" የሚል። የመጀመሪያው ዓይነት በየመንገዱ ሞልቷል፤ እኛ የሚኒባስ ሾፌሮች አብዛኞቻችን ከዚያ ወገን ነን። ሁለተኛው ዓይነት ግን በየሰፈሩ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለት ቢሆኑ ሰፈሩ ከቤት አይወጣም ነበር። የእኛ የድንበር ከተማዋ የሸሕዲ ሰዎች ድርሻ ሊቀ ጥንቃቄ ጋሼ ለይኩን ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ የታላቅ እህቴ ባል ስለሆኑ ይህን ያህል መብት ያለኝ ይመስለኛል።

ጋሼ ለይኩን ሰሊጥና ማሽላ ያመርታሉ። የመጋዘናቸው በር ላይ ሁለት ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ለሌባ፣ ሌላው ለማንኛውም። ቆላው በሙቀት በሚቀልጥበት በጥር ወር የዝናብ ካፖርት በክንዳቸው ይዘው ገበያ ይወጣሉ። ሠርግ ቤት ከተጠሩ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ሁለት ስልክ ይይዛሉ፤ ሁለቱም ላይ የሚደውሉት ለእህቴ ብቻ ነው።

ያቺን ያረጀች ደብል ጋቢና ቶዮታቸውን ሲነዱ አህያ ይቀድማቸዋል ብል ማጋነን ነው፤ ፈጣን አህያ ግን ይቀድማቸዋል። የከብት መንጋ መንገድ ሲያቋርጥ ሞተር ያጠፋሉ። የመጨረሻዋ ላም ካለፈች በኋላም ንቅንቅ አይሉም። "ጥጃ ሊከተል ይችላል" ይላሉ። ከኋላቸው ሰሊጥ አጫጆች የጫነ አይሱዙ ጡሩንባውን ሲያስጮህባቸው፣ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው እሱም ጥጃውን እንዲጠብቅ በትሕትና ይለምኑታል። ጥጃ መጥቶ አያውቅም።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ውጭ አገር ልንዳ ብለው የተነሡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱዳን ጦርነቱ ሳይነሳባት በፊት ልጃቸው ስርጉት ገዳሪፍ ትኖር ነበር፤ ባሏ ደሴ እዚያ ጋራዥ ይሠራል። አረገዘች። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ እኛ ዘንድ ይህ ክርክር የለውም። ወሯ ሳይገባ ሄዶ ማምጣት ግድ ሆነ። በአውቶቡስ እንዳትመጣ መንገዱ ይንጣታል፤ በሰው መኪና እንዳትመጣ ጋሼ ለይኩን የሰው ሾፌር አያምኑም፤ እኔን ጨምሮ። "እኔው ራሴ አመጣታለሁ" አሉ። ይህን ካሉ በኋላ እንቅልፍ አጡ።

መጀመሪያ ያስጨነቃቸው መንጃ ፈቃዱ ነው። የአገር ቤቱ ብቻውን አይበቃም፣ ዓለም አቀፍ የሚባል መጨመር አለበት ሲባል ሰምተው አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አወጡ። ትንሽ ግራጫ መጽሐፍ ነገር ናት። ፎቷቸው አለባት፤ ፎቶው ላይም የፈሩ ይመስላሉ። በላስቲክ ጠቀለሏት፤ ላስቲኩን በጨርቅ ጠቀለሉና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት። "ደረበ፣ አንተም አውጣ፤ ለማንኛውም" አሉኝ። እኔ በዚህ መንገድ ላይ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሳቅኩ። "እኔ አልነዳ፤ ቁጭ ብዬ ነው የምሄድ" አልኳቸው።

ቀጥሎ መተማ ዮሐንስ ዕቃ የሚሸጠውን ሱዳናዊውን ነጋዴ ሳጂድን ያዙት። በሰንደል ጫማ መንዳት ይፈቀዳል ወይ? የቆመ ግመል ሲያጋጥም ጡሩንባ ይነፋል ወይስ ይወረዳል? ሳጂድ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ኋላ ግን ከሩቅ ሲያያቸው ሱቁን መዝጋት ጀመረ። ለመገላገል ብሎ አንድ ዐረፍተ ነገር አስተማራቸው፦ "አና ሳይህ"፤ እኔ ቱሪስት ነኝ ማለት ነው። ቪዛችን የቱሪስት ነበረና። ቱሪስት ሲባል እኛ የምናውቀው ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ነው። ጋሼ ለይኩን ቱሪስት የሆኑት ግን ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ገመድ፣ ውኃ የተሞላ ጄሪካን፣ አንድ ጠርሙስ ጠበልና ለልጃቸው የሚነጠፍ ፍራሽ ጭነው ነው።

እህቴ ፋናዬ ከመነሳታችን በፊት ወደ ጓዳ ጠራችኝ። "አደራህን" አለችኝ። "እሱ ፈርቶ መንገድ ላይ ከቆመ ልጄ ሰው በሌለበት ትወልዳለች።" ይህን ስትል አልሳቀችም፤ እኔም ከዚያ በኋላ መሳቅ ከበደኝ።

ድንበሩን ተሻግረን ጋላባት ገብተን የመጀመሪያው የፖሊስ ኬላ ሲታይ፣ ጋሼ ለይኩን ገና ከሩቁ መኪናዋን ዳር አስያዟትና ወረዱ። መጽሐፏን ከጨርቋ ፈትተው በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው በእግራቸው ሄዱ። ፖሊሱ ሻይ እየጠጣ ነበር። "አና ሳይህ" አሉት። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አያቸው። "ተፈደል፣ ያ ሐጅ" አላቸው፤ ይለፉ ማለቱ ነው። መጽሐፏን ዞር ብሎም አላያት።

ተመልሰው መሪው ላይ ተቀመጡና መጽሐፏን እንደገና በጨርቋ ጠቀለሏት።

"አላየውም" አሉኝ።

"ታዲያ ጥሩ አይደል?"

"ምኑ ነው ጥሩ? ኋላ ይህ ሰውዬ ያለ ፈቃድ ገባ ቢሉኝስ? አየሁ የሚል ምስክር የለኝ።"

በሁለተኛውም ኬላ ማንም አልጠየቃቸውም። በሦስተኛው ደግሞ ፖሊሱ ተኝቶ ነበር፤ እንዳይቀሰቅሱት ክንዳቸውን ይዤ መለስኳቸው። በመጨረሻ ነዳጅ ማደያው ላይ ለቀጂው አሳዩት። ቀጂው እጁን በሱሪው ጠርጎ ተቀበላቸው፣ ፎቷቸውን አይቶ ከት ብሎ ሳቀ፣ መለሰላቸው። እሱን እንደ ምስክር ቆጠሩት።

ገዳሪፍ ስንገባ አደባባይ ገጠመን። ጋሼ ለይኩን መግባቱን ገቡ፤ መውጣቱ ነው ያቃታቸው። ሊወጡ ሲሉ ራክሻ ይመጣል፤ እዚያ ባጃጁን እንደዚያ ነው የሚሉት። እሳቸው ያሳልፉታል፤ ሌላ ይመጣል። ስንት ጊዜ እንደዞርን አልቆጠርኩም፤ ብቻ ጥግ ላይ ሐብሐብ የሚሸጠው ሰው በኋላ በኋላ ባለፍን ቁጥር ሰላም ይለን ጀመር። እሳቸው በላብ ተጠምቀው ነበር፤ እኔም ከሳቁ ይልቅ የመመለሻው ነገር እያሳሰበኝ መጣ።

ስርጉትን ደኅና አገኘናት። በማግስቱ ጧት በጊዜ ልንነሳ ተስማማን። ጋሼ ለይኩን ግን ጧት ተነስተው ትራፊክ ቢሮ ካልሄድኩ አሉ። ማንም ያላየው ፈቃድ ላይ አንድ ሰው ማኅተም እንዲያደርግላቸው ነው። ደሴን አስተርጓሚ አድርገው ከክፍል ክፍል ዞሩ። ማኅተም የሚያደርግ ጠፋ፤ መጽሐፏ ላይ የማኅተም ቦታም የለ። ደሴ ሥራው ይዞት ቀረ፤ እኛ ስንነሳ ፀሐይዋ አዘንብላ ነበር። ድንበሩ ደግሞ ሲመሽ ይዘጋል።

ዶካ የምትባለውን ከተማ እንዳለፍን ስርጉት ከኋላ "አባባ" አለች። ዞር ስል ፊቷ በላብ ወዝቷል።

"ከጧት ጀምሮ ወገቤን ይለኛል" አለች።

"ለምን አልነገርሽንም?" አልኳት።

"አባባ እንዳይፈሩ ብዬ።"

እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ወደ ኋላ እንዳንመለስ ገዳሪፍ ርቋል። ወደ ፊት ድንበሩ ከተዘጋብን፣ ማንንም በማናውቅበት ጋላባት መኪና ውስጥ ልትወልድ ነው።

"ጋሼ፣ ይውረዱ። እኔ ልንዳ።"

"ፈቃድ የለህም።"

"አሁን የፈቃድ ጊዜ ነው?"

"ቢይዙህስ? መኪናዋን ያቆሟታል። መኪናዋ ከቆመች እሷም ቆመች ማለት ነው።"

ፍጥነታቸው ያው፣ ያችው የአህያ ፍጥነት። ደሜ ፈላ። በታላቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮህኩ። "ይህን ፍርሃትዎን ለዛሬ እንኳ ይተውት" አልኳቸው።

መልሱ የመጣው ከኋላ ነው። "አጎቴ፣ ተዋቸው" አለች ስርጉት። "ያንተን አነዳድ አውቀዋለሁ። አባባ ሲነዱ ጉድጓዱ አይሰማኝም።"

ያኔ ነው መንገዱን ልብ ያልኩት። የጭነት መኪና ጎማ የበላው፣ በየቦታው የተቦዳደሰ አስፋልት ነው። እኔ ብሆን እየዘለልኩ ነበር የማልፈው፤ ሚኒባሴም ተሳፋሪዎቼም ለምደውታል። ጋሼ ለይኩን ግን እያንዳንዱን ጉድጓድ ከሩቅ አይተው፣ ማርሽ ቀንሰው፣ ጎማዋን በጠርዙ ያሳልፉ ነበር። ያ የምስቅበት ቀርፋፋ መንዳት ለካ ከኋላ ለተኛ ሰው ሌላ ነገር ነው። አፌን ዘጋሁ፤ ዓይኔን ግን ከፀሐይዋ ላይ መንቀል አልቻልኩም።

ከድንበሩ በፊት ባለው የመጨረሻው ኬላ አንድ ልጅ እግር ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። "ሩክሳ" አለ፤ መንጃ ፈቃድ ማለቱ ነው። በዚያ ሁሉ ጉዞ የጠየቀን እሱ ብቻ ነው። ጋሼ ለይኩን መጽሐፏን ከነአገር ቤቱ ፈቃዳቸው ሰጡት። ልጁ ገለጠ። እንግሊዝኛውን አለፈው፣ ፈረንሳይኛውን አለፈው፣ አረብኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ደስ ብሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ጀመር። ጓደኛውም ይይለት ብሎ ጠራው።

ጋሼ ለይኩን ከተነሳን ጀምሮ የተመኟት ሰዓት ይህቺ ነበረች። ሌላ ቀን ቢሆን ወርደው ገጹን ይገልጡለት ነበር። ከኋላ ስርጉት ነጠላዋን ነክሳ ታቃስታለች። ልጁን አዩት፤ ወደ ምዕራብ ዞረው ሰማዩን አዩ። "ያዘው፣ ልጄ" አሉት በአማርኛ፤ ማርሽ አስገብተው ሄዱ። ልጁ መጽሐፏን እንደያዘ "ያ ሐጅ፣ ሩክሳ" እያለ ከኋላችን ሲሮጥ በመስታወት አየሁት። እሳቸው መስታወቱን አላዩም። ካልጠፋ ቀን፣ ያውም በሰው አገር፣ ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳት ጀመሩ።

ድንበሩ ላይ ፓስፖርቶቹን ይዤ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ሰዎቹ ሊዘጉ ሲሰናዱ ደረስንባቸው፤ ስርጉትን ሲያዩ እነሱም ተጣደፉልን። ድልድዩን ተሻግረን መተማ ዮሐንስ እንደገባን ጋሼ ለይኩን መኪናዋን አቁመው ቁልፉን ሰጡኝ።

"እዚህ አንተ ፈቃድ አለህ፤ እኔ የለኝም" አሉ። ሄደው ከኋላ ተቀመጡና የልጃቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አደረጉ።

ጤና ጣቢያ ጎራ ብለን አዋላጇ አየቻት። "ጊዜ አላት፤ ሸሕዲ ትደርሳለች። ብቻ ቀስ ብላችሁ" አለች። ጋሼ ለይኩን ቀና ብለው አዩኝ። የሸሕዲን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ ስል የኖርኩ ሰው፣ ያን ምሽት ጉድጓዱን ከሩቅ እየለየሁ ሄድኩ። የሥራ ጓደኞቼ ጡሩንባ እየነፉ ሲያልፉኝ አንዱ "ታመሃል ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ።

እህቴ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ስርጉት የእናቷን እጅ ይዛ ሴት ልጅ ተገላገለች። ጋሼ ለይኩን የሕፃኗ ጣቶች እንዲቆጠሩ ጠየቁ፤ ተቆጠሩ። ሌላ ሰውም እንዲቆጥር ጠየቁ።

ከዚያ ወዲያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሆነ። በዚያው ድልድይ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ በእግሩ መጣ፤ ደሴም አብሮ መጣ። ደሴ ከገባ በኋላም ጋሼ ለይኩን እየሄዱ ድልድዩ አጠገብ ቆመው የሚገባውን ሰው ያዩ ነበር። ማንን እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው። "ያ ፖሊስ ልጅ ደኅና ይሆን?" አሉኝ። ስለ ፈቃዳቸው አላነሱም።

አሁን ደግሞ ተራው የኔ ሆነ። ባለቤቴ መሠረት አርግዛለች፤ የመጀመሪያችን ነው። እናቷ ያሉት ገለጉ ነው። የገለጉን መንገድ ያየ ሰው ጭንቀቴን ያውቅልኛል፤ ክረምት ከገባ ደግሞ መኪና አይሞክረውም። እኔም ሾፌር፣ ጓደኞቼም ሾፌሮች፤ እሷን ከኋላ አስተኝተን ስንነዳ በዓይኔ እየመጣብኝ ምግብ አልበላ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ጋሼ ለይኩን ቤት ሄጄ "መሠረትን እርስዎ ቢያደርሱልኝ" አልኳቸው።

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር፤ ተቆጡ።

"እስካሁን የት ነበርህ? እኔ ሰኞ ሄጄ መንገዱን አይቼው መጣሁ። ከወንዙ ወዲያ ያለው ቁልቁለት አላማረኝም። ግንቦት ሳያልቅ ነው የምንሄድ፤ ሰኔ ከገባ አልነዳም።"

ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ለኔ ሚስት ብለው፣ በዚያ ፍጥነት ገለጉ ደርሰው ተመልሰዋል። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ ነግሬያቸው ግን አላውቅም፤ ያን ቀንም አልነገርኳቸውም።

"እኔስ?" ብቻ አልኩ።

"አንተ ከኋላ ሆነህ እሷን ትደግፋለህ።"

"እሺ" አልኩ።