የተጣፈው ድድ

[የጥርስ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል። የቤት ደላላው ተራውን እየጠበቀ ነው። አጠገቡ አይዞህ ሊለው የመጣው የሚስቱ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው፣ ተቀምጧል።]

ደላላ፦ አድጓል አልኩህ! አምና ይሄ ጥርሴ እንዲህ ረጅም አልነበረም።

ሰፊ፦ ድዱ አጥሮ እንዳይሆን።

ደላላ፦ ድድ ያጥራል? ሱሪ ነው?

ሰፊ፦ ሱሪም ሲፈተግ ይሳሳል። በምን ብሩሽ ነው የምትቦርሸው?

ደላላ፦ በጠንካራው! ድዴ እስኪደማ ነው የምፈትገው። ጽዳት ማለት እሱ ነው፤ አንተ የት ታውቀዋለህ።

ሰፊ፦ እሺ።

ደላላ፦ የሚሠሩልኝን ላስረዳህ። የጥርሴ ሥር ተራቁቷል። ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ እስከ ጆሮዬ ይነዝረኛል። ስለዚህ ሌላ ድድ ያለብሱታል። ቶሎ ቢጨርሱልኝ ጥሩ ነው፤ ነገ ቪላ የማሳየው ሰው አለኝ።

ሰፊ፦ መጣፊያውን ከየት ያመጡታል?

ደላላ፦ ከውጭ ነዋ! ታሽጎ!

ሰፊ፦ እኔ ከላንቃ መስሎኝ።

ደላላ፦ [ይስቃል] ከገዛ ላንቃዬ? አንተ ሱሪ ቂጡ ሲቀደድ ከጉልበቱ ቆርጠህ ትጥፋለህ?

ሰፊ፦ ከኪሱ ውስጥ ነው የምወስደው። አይታይም።

ደላላ፦ ተወው፣ አይገባህም። አንተ የምታውቀው መርፌና ክር ብቻ ነው።

ሰፊ፦ እነሱም በመርፌና በክር ነው የሚሰፉት።

ደላላ፦ [ቀስ ብሎ] ያማል እንዴ?

ሰፊ፦ ያደነዝዙሃል።

ደላላ፦ እኔን? እኔን ማንም አያደነዝዘኝም!

[ነርሷ ብቅ ትላለች። ሰፊውን ስታይ ፈገግ ትላለች።]

ነርስ፦ እንዴት ነዎት ጌታዬ! አምና ከላንቃዎ ወስደን የሰፋነው ድድ እንዴት ሆነ?

[ሰፊው ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ያሳያታል።]

ነርስ፦ ጥሩ ይዟል! [ለደላላው] የእርስዎም እንደሳቸው ነው የሚሠራው። ከዚያ ስፌቱ እንዳይላቀቅ ለአንድ ሳምንት ወሬ የለም። አሁን እጠራዎታለሁ።

[ትገባለች።]

ደላላ፦ ሳምንት ሙሉ? የነገውን ሰውዬ በምን ላሳምነው? በጥቅሻ? ቆይ፣ አንተም ተሠርቶልሃል እንዴ? ለምን አልነገርከኝም?

ሰፊ፦ ያን ሳምንት ማውራት ተከልክዬ ነበር።

ደላላ፦ የትኛውን ሳምንት?

ሰፊ፦ አምና ሱቄ በየቀኑ እየመጣህ የተቀመጥክበትን።

ደላላ፦ ያን ሳምንትማ ስንጫወት ነው የሰነበትነው!

ሰፊ፦ አዎ። በመጨረሻው ቀን እንዲያውም «ወሬ አበዛህ» ብለኸኝ ሄድክ።