ኮላውን በዘፈን የሚለኩት ጋሼ ሮክ

ዓለም አንድ ጥሩ ዘፈን ብቻ ወልዳ እንደመከነች የሚያምን ሰው በየሥራ ቦታው አይጠፋም። ለእኛ እንጨት ሥራ ቤት የደረሱን ክቡርነታቸው ዋና አናጢያችን ጋሼ ሮክ ናቸው። የእሳቸው ዘፈን በዕድሜ የሚበልጠኝ የፈረንጅ ሮክ ነው። ጊታሩ ይጮኻል፣ ከበሮው ይደበድባል፣ ዘፋኙ ጥርሱን እያመመው የሚዘፍን ይመስላል። ጋሼ ቋንቋውን አያውቁትም፤ አንድም ቃል ሳያስቀሩ ግን አብረው ይዘፍናሉ።

ራዲዮ አዲስ ዘፈን ካሰማ ፊታቸው ይጠቁራል። «ይሄ ዘፈን ነው? ይሄ እኮ ማስታወቂያ ነው!» ይላሉ። አንዲት ደንበኛ አልጋ ልታዝ ብትመጣ፣ ስለ ጊታሩ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ማብራሪያ ሰጧት። ሴትዮዋ ዘፈኑን በስልኳ ቀርጻ ሄደች፤ አልጋውን ረስታዋለች።

ሰዓት አያስሩም። የወንበር እግር በኮላ አጣብቀው በሞርሳ ካሰሩ በኋላ ቴፑን ይከፍታሉ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ሞርሳውን ይፈታሉ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ጋሼ፣ በፈጠረዎት ካሴቱን ይቀይሩት» ብዬ ለምኛለሁ።

«ኮላው የለመደውን ትቶ በሌላ ይድረቅልህ?» ይሉኛል።

ባለፈው ዓመት ወንበሮቻችን እግራቸውን መጣል ጀመሩ። አንድ ደንበኛ እራት እየበላ ከነሳህኑ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። እኛም ኮላ ሻጩን ስንሰድብ ከረምን። በኋላ አንድ ቀን አጠገባቸው ቆሜ ስመለከት ነገሩ ገባኝ። ዘፈኑ መሀል ላይ ጊታሩ እንደ ሹክሹክታ ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ጋሼ ያለቀ መስሏቸው ኮላው ሳይደርቅ ሞርሳውን ፈቱት። ለካ የመጋዝ ጩኸት ሠላሳ ዓመት ጆሯቸውን ሲበላው ኖሯል።

ስነግራቸው መጀመሪያ ጮኹብኝ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሥራውስ ይቅር» አሉ ቀስ ብለው። «ዘፈኑም ከእጄ ሊወጣ ነው በለኛ።»

አንጀቴን በሉት። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከጆሯቸው ጀርባ የምትቀመጥ ትንሽ የመስሚያ መሣሪያ አድርገው መጡ። መጋዙን አጥፍተን ቴፑን ከፈትን። ጊታሩ ዝቅ ሲል ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን። ጋሼ ንቅንቅ አላሉም፤ ዓይናቸው ብቻ እንባ አቀረረ።

«ልጄ፣ ዘፋኙ ከመጮሁ በፊት እኮ አየር ይስባል» አሉ። «እንዲህ ጥልቅ አድርጎ። አንተ ሰምተኸው ታውቃለህ?»

በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሰምቼው አላውቅም። ወንበሬን ወደ ቴፑ አስጠጋሁ።

«የቱ ጋ?» አልኩ። «እስቲ ይመልሱትማ ጋሼ፣ እንደገና እንስማው።»