የአባ ጠርጥር ዘመቻ፣ በሞተሯ ሥር በመሸገው ቅጭልታ ላይ

ባትሪዋ በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት፣ መኪናይቱ ሳትገፋ በገዛ ኃይሏ ስለምትነሣ ዘመኑ ዘመነ ሰላም በተባለበት ወራት፣ የሒሳብ መምህር፣ የፈተና ክፍል ዘበኛ፣ በእጅጌ ሥር የተሸሸገን ቁራጭ ወረቀት በሩቁ የሚያሸቱ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ጠርጥር የተባሉት ጌታ፣ ውሃ ማፍሰስ የጀመረውን የሞተር ፓምፕ ሊያስለውጡ ወደ ጋራዥ ዘመቱ። ስማቸውም «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» ከሚለው የአበው ቃል የወጣ ነበር፤ ሳይጠረጥሩ የጎረሱት ጉርሻ የለምና።

በዚያም እንደ ሌላው ባለመኪና ቁልፍ ሰጥተው አልሄዱም። አዲሱ ዕቃ ወጥቶ አሮጌው ይገባብኛል ብለው፣ ከመካኒኩ ትከሻ አንድ ክንድ ርቀው፣ ፈተና እንደሚጠብቁ ሁሉ ሳይቀመጡ፣ ሳይንጠራሩ፣ ዓይናቸውንም ሳያርገበግቡ ቆሙ። ስንቃቸው ከቤት በፔርሙዝ የመጣ ሻይ ነበር፤ ኩባያቸውም የፔርሙዙ የብረት ክዳን ነበር፤ ያም ፔርሙዝ አማታቸው እማማ ለልጃቸው ሠርግ ከሰጧቸው ስጦታዎች ሁሉ ሳይሰበር የቀረ የመጨረሻው ነበር። እንዲህ ቆመው ሳሉ መካኒኩ አንድ ብሎን በመዳፉ ሲያገላብጥ ስላዩት፣ ብሎኑ የማን እንደ ሆነ ለመመርመር ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉ። ብሎኑ የራሳቸው ሆኖ ተገኘ። ክዳኑ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልታየም።

ከዚህም በኋላ ድል አድርገው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ መኪናይቱ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ከሆዷ «ቅጭል» አለች፤ ጉድጓድ ስትረግጥም «ቅጭል፣ ኳ» አለች። ጌታውም ፊታቸው ጠቁሮ፣ ከበራቸው ደፍ ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ጆሮ ያለህ ስማ፤ ጆሮህን ሞተር የደፈነብህ ከጎረቤትህ ጠይቅ! የጋራዡ ሰዎች ክዳኔን ሰርቀዋል። ክዳን ያልማረ ፓምፕ አይምርም። አዲሱን ነቅለው የዝገት አያት ገጥመውልኛል፤ የምትሰሙት የእርሱን ሳል ነው።»

ይህ አዋጅ ግን ሌላ አዋጅ ወለደ። የቤቱ እመቤት፣ በሆስፒታል ነርስነታቸው ስንቱን አጉረምራሚ በአንድ ቃል ጸጥ ያሰኙት፣ ከወጥ ቤት ሳይወጡ እንዲህ አሉ፦

«ቅዳሜ እናቴን ዓይን ሐኪም ዘንድ እንወስዳታለን። በመንገድ ላይ ይህች መኪና አንዲት ቅጭል ብትል፣ ሰኞ ትሸጣለች። የሰው ልጅ በታክሲም ይኖራል።»

ጌታው ይህን በሰሙ ጊዜ ወጥተው የመኪናይቱን ኮፈን በመዳፋቸው ዳበሱ። ልጆቻቸውን ሁሉ ከማዋለጃ ክፍል አቅፈው ያመጡባት፣ ዳገት ላይ ስታቃስት አብረዋት የሚያቃስቱላት መኪና ነበረችና።

በማግሥቱም ሠራዊታቸውን አስከተቱ። የቀኙን ወንበር የያዘው ያልተጠየቀውን የሚመልስ የሚስታቸው ወንድም ነበረ፤ የኋላውን ወንበር የያዘው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ነበረ፤ ደጀን የነበረው መለዋወጫው ጎማ ነበረ፤ እርሱም አየር አልነበረውም። የሚስት ወንድም «ካንዴላ ነው!» ሲል አወጀ፤ እርሱ ባለፈው ክረምት ማቀዝቀዣው ሲበላሽም ካንዴላ ነው ያለ ነው። ልብስ ሰፊው በበኩሉ «የኔዋ የስፌት መኪና እንዲህ የምትለው መርፌዋ ሲሰበር ነው፤ ምናለ በሉኝ!» ሲል አወጀ። እንዲህ እየተመካከሩ በጋራዡ ደጅ ሰፈሩ። ዳሩ ግን መኪናይቱ ቆማ ሞተሯ ሲነሣ፣ ርእሰ መምህር እንደ ገባበት ክፍል ድምፁ ሁሉ ጸጥ አለ። መካኒኩም ጆሮውን ኮፈኑ ላይ አኑሮ፣ ቀና ብሎ አወጀ፦

«ጋሼ፣ መኪናዎ ከእኔም ከእርስዎም ጤነኛ ናት። የያዛት ነገር ካለ የሰው ዓይን ነው፤ ቀኑን ሙሉ አፍጥጠውባት ዋሉ እኮ!»

ጌታውም ተናድደው ተመለሱ፤ በመጀመሪያይቱም መታጠፊያ ላይ ቅጭል አለች።

ቅዳሜም ደረሰች። እማማ ከፊት፣ እመቤቲቱ፣ ወንድማቸውና ልብስ ሰፊው ከኋላ ተሳፈሩ፤ ልብስ ሰፊውን የጠራው አልነበረም፤ መጨረሻውን ሳያይ እንቅልፍ እንደማይወስደው ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። አባ ጠርጥርም በልባቸው ታላቅ ብልሃት አስበው፣ ጉድጓድ የሌለበትን፣ መታጠፊያም የሌለበትን ሰፊ ጎዳና መረጡ። ብልሃቱም ሠመረ፤ መኪናይቱ እንደ ሙሽራ ጸጥ ብላ ሄደች። ነገር ግን ወደ ዓይን ሐኪሙ የሚገባው በመታጠፍ ነበርና፣ አልፈውት ሄዱ። እመቤቲቱም ከኋላ «ታጠፍ» አሉ። ጌታው የግዳቸውን መሪውን አዞሩ፤ በዚያችም ቅጽበት ጉሮሮአቸው እስኪላጥ ሳሉ፤ ነገር ግን ሳሉ ካለቀ በኋላም ድምፁ አላለቀም። ቅጭል። ኳ። ቅጭል።

ያን ጊዜ እማማ ጃንጥላቸውን ከወለሉ ላይ መትተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አቁም አንተ ልጅ! ዓይኔ ቢደክም ጆሮዬ አልደከመም። ይህ ካንዴላም አይደለም፣ መርፌም አይደለም፤ የእኔ ክዳን ነው! የሱቁን ክዳን ሁሉ እያንኳኳሁ፣ ባለሱቁ አንጀቱ እስኪያር አዳምጬ የመረጥኩትን ድምፅ እኔ አጣዋለሁ?»

አባ ጠርጥርም የተተኮሰ ኮታቸውን እንደ ለበሱ በአስፋልቱ ላይ ተዘረጉ፤ አላፊ አግዳሚው እያየ፣ ሞተሩን ከጭቃ ከሚከልለው ላሜራ በላይ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱ፤ ብዙም ታግለው ምርኮውን አወጡ። ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ከንፈሩም ተጨራምቷል፤ ያም ሆኖ ክዳኑ ነበር። ብሎኑን ሊመረምሩ እጃቸውን በዘረጉ ጊዜ፣ ክዳኑን በሞተሩ ጫፍ ላይ ያስቀመጡት እርሳቸው መሆናቸው ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። ይህንንም በአዋጅ አልነገሩም።

ይልቁንም ከሐኪሙ መልስ ወደ ጋራዡ ጎራ ብለው፣ ክዳኑን ከፍ አድርገው ይዘው፣ «ክዳን በመስረቅ ለተጠረጠራችሁ ሁሉ ምሕረት አድርጌላችኋለሁ፤ በየሥራችሁ እርጉ!» ሲሉ አወጁ። መካኒኩም ወገቡን ይዞ ስቆ ስቆ ሲበቃው መለሰ፦

«ምሕረትዎን ተቀብለናል፣ ጋሼ። ዳግመኛ መኪናዎን ሲያመጡ ግን ራስዎን ቤት አስቀምጠው ይምጡ።»

እመቤቲቱም በመኪናው መስኮት ብቅ ብለው የመጨረሻውን ፍርድ ሰጡ፦ «መኪናዋ አትሸጥም። ከቤታችን የሚንቋቋ ይሸጥ ከተባለ፣ ተራው የእሷ አይደለም።»

እነሆ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ አባ ጠርጥር ሻያቸውን በዚያ በተጨራመተ ክዳን እንዲጠጡ በእማማ ተፈረደባቸው፤ እርሳቸውም እንደ ዋንጫ ያዙት፤ ከንፈራቸውን ሲወጋቸውም የጦር ቁስል ነው ይላሉ። ሌሎች ጀግኖች ጠላት ማርከው ገብተዋል፤ መኪናቸውን ከሽያጭ ያዳኑ፣ የማይታጠፍ መንገድ የመረጡ፣ ያልተበደሉትን ይቅር ያሉ፣ በጠራራ ፀሐይም ከገዛ ሞተራቸው ሥር ሌባውን አሳድደው ራሳቸውን ማርከው የገቡ ግን አባ ጠርጥር ብቻ ናቸው። መታጠፊያው ሁሉ ጸጥ ይበልላቸው።