የግራዝማች ዛፍ አይጠጣም

ድንበር ገፊ የሌለበት አገር ቢኖር፣ ሰፊያ ጨርቄን ማቄን ሳትል በሄደችበት ነበር። ሌላው ድንበር ገፊ በጨለማ ድንጋይ ያነሳል። የዶዮገናው ክቡር ግራዝማች ወንዳፈረው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያቸው፣ ባሕር ዛፍ ይተክላሉ።

«እህቴ ሰፊያ፣ ዛፍ እኮ አይበላ፣ አይጠጣ! ቆሞ ነው የሚውለው» ይላሉ፣ ችግኙን እየዳበሱ።

አይጠጣም! ታዲያ የሰፊያን ምንጭ ማን ጨረሰው?

ነገሩ የጀመረው የወሉ ግጦሽ በቀላድ ተለክቶ ለሹማምንት የተሰጠ ጊዜ ነው። ግጦሹ ሲሄድ ከብቱ ተሸጠ፤ ከብቱ ሲሸጥ እበት ጠፋ፤ እበት ያጣ እንሰት ደግሞ ይቀጭጫል። ጎረቤቱ ተስፋ ቆርጦ ማሳውን ጥሎ በሄደ ቁጥር ግራዝማች ችግኝ ይዘው ይደርሳሉ። ቀድሞ ከብት ይረግጠው በነበረው መሬት ላይ የባሕር ዛፉ ዘር ራሱ እየወደቀ ይበቅል ጀመር። ሰፊያ ብቻ ሟች ባሏ የተወላትን እንሰት ታቅፋ ቀረች። ልጆቿ የሚበሉት ሌላ ነገር አልነበራትም።

ሽማግሌ ላከች፤ አልሰሜን ግባ በለው ሆነ። ግራዝማች ሽማግሌዎቹን ብርዝ አጠጥተው ሸኙና በማግስቱ አንድ ረድፍ ጨመሩ።

በበጋው የሰፊያ ቤት ከምድጃ በተነሳ እሳት ነደደ። ቀድሞ የደረሰው ማን ነው? ግራዝማች፣ መጥረቢያቸውን ይዘው! ያንን የሚሳሱለትን የድንበር ረድፍ በሽማግሌ ክንዳቸው አንድ በአንድ ጣሉት። የአዲሱ ቤት ምሰሶም ማገርም ከዚያው ወጣ። ሰፊያ መረቀቻቸው። እንሰቷ ፀሐይ አየ፤ ምንጯም ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

ክረምቱ ሲገባ ከእያንዳንዱ ጉቶ አራት አምስት ቀንበጥ ፈላ።

«ግራዝማች! ኧረ ይውጡ!» ሰፊያ ገጀራ ይዛ ድንበሩ ላይ ቆመች። «ወላሂ አንድም አላስቀርም! ይኸው ቆረጥኩት! አይከሱኝም?»

መልስ የለም። ጨፈጨፈችው፤ አሁንም ዝም። ዝምታው ከነገራቸው ሁሉ ባሰባት። ገጀራዋን ጥላ ወደ ቤታቸው ገባች። ግራዝማች በትኩሳት ተይዘው ብቻቸውን ተኝተዋል፤ ከንፈራቸው ክው ብሎ ደርቋል።

ሮጣ ከምንጯ በቅል ቀድታ መጣችና ቀና አደረገቻቸው።

«ይጠጡ» አለች። «ዛፍዎ ያተረፈልኝ ነው።»

ግራዝማች ጠጡ። የዛን ዕለት ዛፍ አይጠጣም አላሉም።

ትኩሳቱ እስኪበርድላቸው አጠገባቸው ዋለች። ከዚያ ገጀራዋን አንስታ ወደቀሩት ጉቶዎች ተመለሰች።